ዳልቻ የዋለበት

ከበሬው ከዳልቻ መንጋጋ ሥር እብጠት የታየው በመጋቢት መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አካለ ወልድ ንብ የነደፈው መሰለው። ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ቢጫነው እብጠቱ እንደ ሊጥ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጣቱን ቢያነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ንብ የነደፈው እንዲህ አይሆንም።

በሬው መክሳት ከጀመረ ሰንብቶ ነበር። ፀጉሩ ቆሟል፣ እበቱ ቀጥኗል፣ ከተኛበት ለመነሣት እንደ ሽማግሌ ያስባል። አካለ ወልድ ግን «በጋ ነው» እያለ ራሱን ሲያጽናና ቆየ። በጋ የማያከሳው በሬ የት አለ? ያልገባው የቡሬ ነገር ነው። ቡሬ ከዳልቻ ጋር ከአንድ ግርግም የሚበላ፣ ከአንድ ገንዳ የሚጠጣ የእንዳላማው በሬ ነው። እሱ ደግሞ ጀርባው ላይ ውሃ ቢያፈሱበት የሚቋጥር እስኪመስል ወፍሯል።

የሁለቱ ሰዎች ነገር እንዲህ ነው። አካለ ወልድ አንድ በሬ አለው፤ እንዳላማውም አንድ። በአንድ በሬ አይታረስም። ስለዚህ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ተቀናጁ፤ ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የዚህን፣ አንድ ቀን የዚያን ማሳ ያርሳሉ። መቀናጆ በአማኑኤል ከተማ ዙሪያ እንግዳ ነገር አይደለም። የብዙ ሰው መቀናጆ ግን እርሻው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ሁሉም በሬውን ነድቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እነዚህ ሁለቱ በጋም አልተለያዩም። አብሮ ያልበላ በሬ አብሮ አይስብም ብለው ሁለቱንም አንድ ሳምንት አካለ ወልድ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እንዳላማው ዘንድ ያሳድሯቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተረኛው መጥቶ ይነዳቸዋል። በዚህ ላይ እንዳላማው የአካለ ወልድን የበኩር ልጅ ክርስትና አንሥቷል። ስማቸውን ትተው «አበልጄ» መባባል ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

አምና የአካለ ወልድ አምስት በጎች በአንድ ክረምት ማግስት አለቁ። የመጨረሻዋን ሳትሞት ቢያርዳት ጉበቷ ደርቆ ጠጥሯል፤ በቢላ ሲከፍለው የቅጠል ቅርጽ ያላቸው ጠፍጣፋ ትሎች ከውስጡ እየተንሸራተቱ ወጡ። ጉበቱን በፌስታል ቋጥሮ ወደ ከብት ክሊኒኩ ወሰደው። ባለሙያዋ ሕሊና ትባላለች፤ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል፣ እሷም «አይደለሁም» ማለት ሰልችቷት ትታዋለች። ፌስታሉን ከፍታ አየችና በሳምንቱ መንደሩ ድረስ መጣች። ሰውን ሰብስባ ወደ ጨፌው ወሰደችው፤ ከሣሩ ሥር ከሽምብራ የምታንስ ቀንድ አውጣ ለቅማ መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«ትሉን ከብቱ ከጨፌው ሣር ጋር ይበላዋል» አለች። «ጉበት ገብቶ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከእበት ጋር ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ይቺ ታሳድገዋለች፣ ሣሩ ላይ ትመልሰዋለች። መድኃኒት እሰጣችኋለሁ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ። መድኃኒቱ ግን የገባውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። አጥር አይደለም። አጥሩ እናንተ ናችሁ።»

ሰው ሰማት፤ ደግሞም አመናት። ጥቅምት ሲገባ ግን ዳገቱ ደርቆ ጨፌው ብቻ አረንጓዴ ሆነ፤ ያመነውም ያላመነውም ከብቱን እዚያው ለቀቀ። ሁለቱ አበልጆች ግን እጅ ተማትተው ነበር። ዳልቻና ቡሬ ጨፌ አይረግጡም። አካለ ወልድ ከዳገቱ ላይ አጭዶ የከመረው ደረቅ ሣር አለው፤ እንዳላማው ሣር የለውም፣ በግቢው ግን ጥሩ የውሃ ጉድጓድ አለው። «ሣር ከአንተ፣ ውሃ ከእኔ» ተባባሉ። እንዳላማው በሬዎቹን ሊወስድ በመጣ እሑድ ሁሉ አካለ ወልድ ለሁለት በሬ የሳምንት የሚበቃ ሣር በአህያ ጭኖ ይልክለታል። ኅዳር ላይ ሁለቱን በሬ አንድ ላይ ነድተው ወደ ክሊኒኩ ሄዱ፣ መድኃኒቱን አስዋጡ፣ ሲመለሱም አንድ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጡበት።

እንግዲህ ያ ሁሉ ተደርጎ ነው የዳልቻ መንጋጋ ያበጠው።

ክሊኒኩ በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ሕሊና ዳልቻን በእንጨት መያዣው ውስጥ አስገብታ የዓይኑን ቆብ ገለበጠች፤ ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ሆኗል። እበቱን በእጅ ጓንት ወስዳ ገባች። ስትመለስ ጓንቱን እያወለቀች ነበር።

«ጋሼ አካለ ወልድ፣ ይኼ በሬ ጨፌ ውሏል።»

«አልዋለም።»

«እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ አየሁት። አንድ ሁለት አይደለም።»

«ታዲያ የኅዳሩ መድኃኒትሽ አልሠራማ።»

«ቡሬም አብሮ ውጦ የለ? ቡሬ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እኮ።»

ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንለይ የሚባል ሰው ነበር። ፈረሱ አንክሶበት ያመጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ጎረቤት ነው። «አያ አካለ» አለ፣ «ምናልባት ዳልቻ ሳይነግርህ እየሄደ ይሆናል። በሬም እንደ ባል ነው፤ የት እንደዋለ አይናገርም።»

ሰው ሳቀ። ሕሊና አልሳቀችም። «እንዳላማው ዘንድ ሲሰነብቱስ የት ነው የሚውሉት?» አለች።

ሳቁ ቆመ። አካለ ወልድ ፊቱ ጋለ።

«ስሚ ልጄ» አላት። «እንዳላማውን ከምጠረጥር እነዚህን ሁለት ዓይኖቼን ብጠረጥር ይቀለኛል። የልጄ የክርስትና አባት ነው። ሚካኤልን፣ ያ ሰው በሬዬን ጨፌ አያስረግጥም። መድኃኒትሽ ቀኑ አልፎበት ነበር፤ እሱን ከመናገር ይልቅ ሰው ታሳሚያለሽ።»

ይህን የሰማው አምስት ስድስት ሰው ነው። ሕሊና የዳልቻን ደረት ዙሪያ በሜትር ለክታ ክብደቱን ገመተች፣ ለክብደቱ የሚበቃውን ኪኒን ቆጥራ አወጣች። አካለ ወልድ የበሬውን አፍ ከፍቶ ያዘ፤ እሷ አንድ በአንድ እስከ ምላሱ ሥር ሰደደችው።

«ሁለት ወር ቀንበር እንዳይነካው» አለች ስትጨርስ። «ትሉ ይሞታል፤ ጉበቱ ግን ቆስሏል። እስኪድን ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ዙር ከስምንት ሳምንት በኋላ ያምጡት። ከዚያ በፊት ጨፌ ከገባ ግን እኔ ዘንድ አያምጡት፤ አልችልበትም።»

«ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጣለስ? በምን አርሳለሁ?»

«ዝናቡ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ጋሼ።»

አካለ ወልድ በመንገዱ ሁሉ ያንን ሁለት ወር ሲቆጥር ሄደ። ግንቦት ነው። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። በግንቦት የጀመረ ሰው ምን ይደርስለታል? የበኩር ልጁ በማርቆስ ከተማ ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኗል፤ ደመወዙ ግን የራሱን ቤት ኪራይ ነው የሚያውቀው። ማሳው ጦም ካደረ የዓመት እህል የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እሑድ ተራው የእንዳላማው ነበር። አካለ ወልድ ሣሩን እየጫነ ክሊኒኩ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ የተጣላለትንም ጭምር። «አንተን ጠርጥራህ!» እያለ ሳቀ።

እንዳላማው ከአህያው በወዲያኛው ጎን ሆኖ ጭነቱን ያጠብቅ ነበር። «ቀኑ ያለፈበት ነው» አለ። «እነዚህ ልጆች ምኑን ያውቁታል። አይዞህ አበልጄ፣ እኔ ዘንድ ይሻለዋል። ከዓይኔ አለየውም።»

አካለ ወልድ ከሣሩ ለስለስ ያለውን ለይቶ በጨርቅ ገመድ አስሮ ከላይ ጨመረለት። «ይኼ የዳልቻ ነው፤ አፉ ላልቷል» አለው። እንዳላማው እግዜር ይስጥህ አለና ነዳቸው።

ረቡዕ ዕለት የአካለ ወልድ ሚስት ወለተ ሐዋርያት ከጠላ ጋኗ የተረፈውን አተላ በጀሪካን ሞልታ ሰጠችው። «ለበሽተኛው አድርስለት» አለችው። «ለቡሬ እንዳትሰጠው፤ እሱ ከጠገበ ቀንበሩን ይበላዋል።»

የእንዳላማው ግቢ ከጨፌው በላይ ነው። አካለ ወልድ አጥሩን አልፎ «ቤቶች» አለ። መልስ ሳይሰማ ወደ ከብቱ ጥላ ዘለቀ። ግርግሙ ላይ ቡሬ አለ። ከቡሬ ጎን ታኅሣሥ ላይ የወለደችው ቀይ ላም አለች፣ ጥጃዋ ሥሯ። ሁለቱም የሚበሉት ያንን ለስላሳ ሣር ነው፤ የጨርቁ ገመድ ሳይፈታ ተበጥሶ መሬት ላይ ወድቋል። ዳልቻ የለም።

የእንዳላማው ሚስት ከጓዳ ወጣች። ስታየው «ግባ» አላለችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ዳልቻስ?» አላት።

«ውሃ... ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ነው።»

አካለ ወልድ ግቢው መካከል ያለውን የውሃ ጉድጓድ አየ። እሷም አየችው። ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ጀሪካኑን እዚያው አስቀምጦ ወደ ታች ወረደ።

ዳልቻ ከጨፌው ውስጥ፣ ሣሩ እጅግ ከለመለመበት ቦታ፣ ካስማ ላይ ታስሯል። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰምጧል። ገመዱ የፈቀደለትን ያህል ዙሪያውን ግጦ ረግጦ ምድሩን አውድማ አስመስሎታል። አካለ ወልድ ያንን ክብ አየ። ከክቡ ወዲያ ሌላ ክብ አለ፣ ሣሩ ጣት ጣት ያህል መልሶ የበቀለበት። ከዚያ ወዲያ ሌላ፤ የዚያኛው ከሌላው ሣር ብዙም አይለይም፣ መካከሉ ላይ ግን የካስማው ቀዳዳ አለ። እበቱም እንደዚሁ ነው፤ የዛሬ አለ፣ የሳምንት አለ፣ ደርቆ የነጣ አለ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ዳልቻ ቀና ብሎ ጌታውን አየና መልሶ መጋጡን ቀጠለ።

ከኋላው የእግር ድምፅ ሰማ።

«አበልጄ» አለ እንዳላማው። ሮጦ መምጣቱ ከትንፋሹ ያስታውቃል።

አካለ ወልድ አልዞረም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዛሬ ትንሽ እንዲቀማምስ ብዬ...»

«ክቦቹን እያየኋቸው ነው፣ እንዳላማው።»

በስሙ ሲጠራው ስንት ዓመቱ ነው! እንዳላማው ዱላውን ጭቃው ላይ ተክሎ ተደገፈበት። «ላሚቱ ከወለደች ጀምሮ» አለ። «ሣሩ የሚመጣው ለሁለት ነው። ሦስት ሆኑብኝ። ከሦስቱ አንዱ መውረድ ነበረበት።»

«አንዱ።»

«ላሚቱ ትታለባለች። ቡሬ ደግሞ...» አቆመ።

«ቡሬ ደግሞ ያንተ ነው።»

«ልጅህ በማርቆስ ከተማ ደመወዝ ይበላል፣ አካለ። ዳልቻ ቢሞት ትተካለህ። እኔ ቡሬ ቢሞትብኝ ማን አለኝ?»

«ያ ልጅ የክርስትና ልጅህ ነው።»

እንዳላማው አንገቱን ደፋ።

«ብትነግረኝ ለሦስት አልጭንልህም ነበር?»

«ትጭን ነበር» አለ እንዳላማው፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረረ። «እሱን መች አጣሁት! ዐሥራ አንድ ዓመት የጠየቅሁህን ስትሰጠኝ ኖርህ። እግዜር ይስጥህ ስል ኖርሁ። አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብለኸኝ ብታውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

አካለ ወልድ ቂም ቢሆን ይገባው ነበር፤ ሌብነትም ቢሆን ይገባው ነበር። እሱ ሲሰጥ የኖረበትን እጅ ያ ሰው እንዲህ ሲያየው ከርሟል ማለት ነው። ካስማውን ሊነቅል ጎንበስ እያለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እሑድ መድኃኒቱ ቀኑ አልፎበታል ስትለኝ የት እንደዋለ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«መታመሙን ነግሬህ፣ በእጄ አስረክቤህ፣ ወስደህ መልሰህ እዚሁ ተከልኸው።»

አካለ ወልድ ካስማውን ነቀለ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ በሬውን እየጎተተ ዳገቱን ወጣ። ዳልቻ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ ማረፍ ነበረበት። አልመታውም፤ አብሮት ቆመ።

ወለተ ሐዋርያት ጀሪካኑን ትጠይቀዋለች ብሎ ፈርቶ ነበር። ፊቱን አይታ አልጠየቀችም። ማታ እራት ስታቀርብለት «እሱ ነው?» ብቻ አለች። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ስለ ላሚቱ ሳስብ ነበር» አለች፤ «ያን ያህል ወተት ከየት አመጣችው እያልሁ።» እሱ እራቱን አልበላም።

በማግሥቱ ክሊኒክ ሄደ። ሰው ነበር፤ ሰው እንዲኖርም ፈልጎ ነበር።

«ያን ቀን የተናገርሁትን እነዚህ ሰምተዋል» አለ። «አሁንም ይስሙ። መድኃኒቱ ደኅና ነበር። በሬዬ ጨፌ ውሏል፤ ከአሁኑ መድኃኒት በኋላም ሦስት ቀን ያህል ውሏል።»

ማን አዋለው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ስሙን ከአፉ ማውጣት እንዳልቻለ ሁሉም አየ። አንለይ ለወትሮው ከሚሳሳቅበት ቦታ ሆኖ በዝግታ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» አለ።

ሕሊና ወንበር አቀረበችለት። «ሦስት ቀን ያን ያህል አይደለም» አለች። «ቀጠሮውን አንለውጠውም። በደንብ ይብላ፤ ከግቢ አይውጣ። በተረፈ፣ ጋሼ፣ እኔም ብሆን እምል ነበር።» እንዲህ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ አካለ ወልድ ደጋግ ቃል ሰው ፊት የሚያስለቅስ ዕድሜ ላይ እንደደረሰ ያን ጊዜ አወቀ።

ዳልቻ አልሞተም። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሟሸሸ፣ እበቱ ጠጠረ። ግን ቀንበር የሚሸከም ትከሻ አልነበረውም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ጣለ፤ ዳገት ቁልቁለቱ ሁሉ በጅራፍ ድምፅ ተሞላ። የአካለ ወልድ ማሳ ብቻ እንዳለ ተኝቷል። አንለይ መጥቶ ፈረሱ እንደዳነ ነገረው። «በሬ አግኝና አጣምረው» አለው፤ «በሬ ከፈረስ ጋር ሲጠመድ ማሳው ይስቃል ይባላል እንጂ እህሉ ያው ነው።» አካለ ወልድ በየደጁ ጠየቀ። በሬ ያለው ሁሉ በዚያ ሰሞን በሬውን ለራሱ ይፈልጋል።

በሦስተኛው ቀን እንዳላማው ቡሬን እየነዳ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። አልገባም። ከመጋቢት ወዲህ በቤተ ክርስቲያንም አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ በር ነው የሚገቡት።

«ውሰደው» አለ። «ያንተን ቀድመህ እረስ። ለእኔም ለብቻው አይረባኝም።»

አካለ ወልድ ቡሬን አየ፣ ወፍሯል። ሥጋው ከየት እንደመጣ ያውቃል። እምቢ ለማለት አፉን ከፈተ፤ ከኋላው ወለተ ሐዋርያት እህል ስታነፍስ የሰፌዱ ድምፅ ይሰማዋል። ጎተራው በምን ያህል ጊዜ ባዶ እንደሚሆን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«በሬውን እወስዳለሁ» አለ። «አንተ ግን አትምጣ።»

እንዳላማው ገመዱን አጥሩ ላይ አኑሮ ሄደ።

አካለ ወልድ ቡሬን ከአንለይ ፈረስ ጋር ጠምዶ አራት ቀን አረሰ። አንለይ ሁለቱ እኩል እንዲሄዱ ከፊት እየመራ፣ እየሰደበ፣ እየለመነ ውሎ ማታ ድምፁ ተዘጋ። ቡሬ በማታው ዳልቻ ካለበት ግርግም ታሰረ። አካለ ወልድ ሣር ሲያቀርብ ለሁለቱም እኩል አቀረበ፤ ወለተ ሐዋርያት በር ላይ ቆማ አየችው።

«ለዚያ ሰውዬ በሬ?»

«በሬው ምን አደረገኝ» አላት።

በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ቡሬን ነድቶ ወደ እንዳላማው ቤት ሄደ። እንዳላማው ግቢው ውስጥ ቀንበር እየጠረበ ነበር። ሲያየው ተነሣ፤ ሚስቱ ከውስጥ ድምፁን ሰምታ «ይግቡ፣ ቁርስ ደርሷል» አለች።

«አልቀመጥም» አለ አካለ ወልድ። ገመዱን አቀበለው።

እንዳላማው ገመዱን ተቀበለ። ከዚያ፣ ማሰብ እንኳ ሳያስፈልገው፣ ጎንበስ አለ። እጁን በቡሬ ቅልጥም ላይ ወደ ታች አስኬደ፤ ከሰኮናው ሥር የተጣበቀውን አፈር በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው። ጭቃ እየፈለገ ነበር፤ ያንን ጥቁር የጨፌ ጭቃ።

አካለ ወልድ ቆሞ አየው። በጨፌው ውስጥ እንኳ፣ ክቦቹ መካከል ቆሞ፣ እንዲህ አልተሰማውም ነበር።

«ቀይ ነው» አለው። «የማሳ አፈር ነው።»

እንዳላማው ቀና ሲል የአጥሩ በር ላይ ማንም አልነበረም።